ከመጋረጃው ወዲህ

ውድ አባዬ፣

ስልክ ስደውልልህ «ደህና ነኝ፤ ወንድምሽን አናግሪው» ትልና ስልኩን ለእሱ ታቀብለዋለህ። እሱ ደግሞ ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ ያወራልኛል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ሲሆን መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ወንድሜ ሥራ ሲሄድ፣ መነጽርህን አድርገህ፣ ብቻህን አንብበው። መሐል ላይ ተናደህ ብታስቀምጠው አልፈርድብህም፤ ግን ተመልሰህ አንሣው። መጨረሻው ላይ የምለምንህ ነገር አለ።

አንድ ሁለቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያው ሪፖርት ሆነብኝ። «በዕለቱ የተከሰተው ሁኔታ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሳነበው ራሴን ጠላሁት። ሁለተኛው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሰበብ ነበር። አሁን እንደመጣልኝ ልጻፍ። አፍሬአለሁ አባዬ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መስታወቱን አላየውም።

ከስትሮኩ በኋላ ከሆስፒታል ወደ ቤቴ ይዤህ የመጣሁ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ቀኝ እጅህና ቀኝ እግርህ አንታዘዝም ብለውህ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ገላህን ልጠብህ ስል ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ገላ አስተጣጠብ ለሰው ሳስተምር የኖርኩት ሴትዮ፣ ሳፋውን እንደያዝኩ የምለው ጠፋኝ። መላ የፈጠርከው አንተ ነህ። «በሩን ዝጊው። ሬዲዮኑን ጮክ አድርጊው። ፎጣዋን እኔ በደህናው እጄ እይዛታለሁ፤ አንቺ ከፎጣዋ ውጭ ያለውን እጠቢ። ፎጣዋን አልፈሽ ከመጣሽ መንጃ ፈቃድሽን እነጥቃለሁ» አልከኝ። መንጃ ፈቃድ እንደሌለኝ እያወቅክ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ በኋላ ቀለለን።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር። በሩ ዝግ፣ ሬዲዮኑ እየጮኸ፣ ፎጣዋ በእጅህ። አንተ በትራፊክ ፖሊስነት ዘመንህ የትኛው መስቀለኛ መንገድ ላይ ማን ማንን እንደገጨ ታወራለህ፤ እኔ አጥባለሁ። ታጥበህ ስታበቃ አንድ አደጋ ተጣርቶ ይዘጋል። አንድም ቀን አፍረህ አላየሁህም። አሁን ሳስበው፣ እንዳታፍር ያደረገህ የኔ ሙያ አልነበረም። ያቺ ፎጣና ያ የተዘጋ በር ነበሩ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ አቅመ ደካሞችንና ሕመምተኞችን የሚንከባከቡ ሰዎችን አሠለጥናለሁ፣ እመዝናለሁም። ግን ክፍል ውስጥ ምን እንደምል ነግሬህ አላውቅም። በየዙሩ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃል እጽፋለሁ፦ ዕውቀት፣ ክህሎት፣ አመለካከት። የመጀመሪያው ጭንቅላት ነው፣ ሁለተኛው እጅ፣ ሦስተኛው ልብ እላቸዋለሁ። በኛ ስልጠና «አውቃለሁ» ማለት አይበቃም፤ ሰልጣኙ መዛኙ ፊት ሠርቶ ማሳየት አለበት። ከዚያ ወይ «ብቁ» ነው፣ ወይ «ገና ብቁ አይደለም»። መሐል ቤት የለም። «ያልታየ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል» እላቸዋለሁ፤ በሌለሁበት ድምፄን እያስመሰሉ እንደሚስቁብኝም አውቃለሁ።

ጣጣው ልብ አለመታየቱ ነው። ስለዚህ የምዘና ቅጹን ሦስተኛ ዓምድ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ እስክሪብቶዬን እየከደንኩ ነው የምሞላው። ሰላምታ ሰጥቷል? ፈገግ ብሏል? ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው። ስንት ዓመት እንዲህ ስሞላ ማንም ተሳስተሻል አላለኝም።

በዚህ ዙር ከነበሩት ሰልጣኞች አንዱን ረዳቱ እንለዋለን። ወደኛ ከመምጣቱ በፊት ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ተሳፋሪ ሲጠራ የኖረ ሰው ነው። ድምፁ አሁንም ከመንገድ አልተመለሰም። ያረፍዳል። በጽሑፍ ፈተና ከጎኑ ከምትቀመጠው ጎበዝ ልጅ ይገለብጣል፣ ገልብጦም ይሳሳታል። የመለማመጃ አሻንጉሊቷን ሲያገላብጥ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው!» እያለ ክፍሉን ያስቀዋል። አልወደውም ነበር። ምዘናው ሳይደርስ በሆዴ ጥዬው ነበር፤ ይሄንንም እወቅልኝ።

ከምዘናው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ያቺ አሻንጉሊት ወገቧ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀች። ተቆጣጣሪው ከዋናው መሥሪያ ቤት መጥቶ ነበር። «በሕያው ሰው ላይ ይሁን፣ እንዲያውም ይሻላል። አንድ ፈቃደኛ ተገልጋይ ፈልጊ» አለኝ። የመዛኙ ዘመድ ግን መሆን አይችልም፤ ደንቡ ግልጽ ነው። ቀኑን እናራዝም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ሰውየው የመጣው ሰልጣኞቹን ብቻ ሊያይ አልነበረም፤ እኔን ዋና መዛኝ ለማድረግ አሠራሬን ሊያይ ነበር። ያን ሹመት ስመኘው ኖሬአለሁ፤ ቀኑ እንዲያልፈኝ አልፈለግኩም።

ቁርስ ላይ ጠየቅኩህ። «እንደኔ ሥራ ፈት ከየት ታገኛላችሁ! ልጠቅም እንጂ» አልክ፤ ደስ ብሎህ ነበር። «ምኔን ነው የሚያጥቡት?» ብለህ ስትጠይቀኝ «እጅና እግር ብቻ ነው» አልኩህ። አባዬ፣ እጅና እግር ብቻ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ሰልጣኞቹ ዕጣ ያወጣሉ፤ ከዕጣዎቹ ውስጥ ሙሉ ገላ እንዳለ እኔ ነኝ ጽፌ ያጠፍኩት።

በማግስቱ ነጩን ሸሚዝህን አስተኩሰህ ለበስክ። ጢምህን በግራ እጅህ ላጨህ፣ አገጭህ ላይ ትንሽ ቆረጠህ። ልብሱ ሊወልቅ የሚሄድ ሰው እንዲያ ሲዘንጥ አየሁ። አለፍኩት። ታክሲ ውስጥ «እዚያ ስንደርስ አንተዋወቅም፤ ልጄ ምናምን እንዳትለኝ» አልኩህ። አንተ ደግሞ ሳቅክ። «እኔ ሥራ ላይ ስሆን መች ዘመድ አውቅ ነበር? እናትሽን ስንቴ ከዜብራ ውጭ ስትሻገር ይዣት የለም እንዴ!» አልክ። የተናገርኩትን ነውር ቀልድ አድርገህ አቀለልክልኝ።

ክፍሉን አይተኸዋል፤ ግን ከአልጋው ላይ ሆነህ ነው ያየኸው። ከኔ ወገን እንዴት እንደሚታይ ልንገርህ። አልጋው መሐል ላይ ነው። ሰልጣኞቹ ግድግዳውን ተደግፈው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። በኮሪደሩ በኩል መስታወት አለ፤ የሚያልፍ የሚያገድመው አንገቱን ያሰግጋል። በአልጋው ዙሪያ መጋረጃ አለ፤ እኔ ግን ጠቅልዬ አስሬዋለሁ፤ መዛኝ ማየት አለበትና። ተቆጣጣሪው ከጎኔ ተቀምጧል።

ጎበዟ ዕጣ አነሣች፦ ሙሉ ገላ። እጇ ላይ እንከን አይገኝም። ውሃውን በክርኗ ለካች፣ ጓንቷን አጠለቀች። «አሁን ግራ ክንድዎን አጥባለሁ» ትላለች፤ አንተ መልስ ሳትሰጣት ክንድህን አንሥታዋለች። ጀርባህን ልታጥብ ወደ ግድግዳው ስታዞርህ አንሶላው ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። አላነሣችውም፤ ሰዓት እየሄደባት ነበር። እኔም አንሺው አላልኩም፤ መዛኝ በሥራ መሐል አይናገርም። ይሄ ነው ሙያዬ። አባቴ ራቁቱን ተኝቶ፣ አሥራ ምናምን ሰው እያየው፣ ደንብ አከበርኩ።

ግራ እጅህ ፍራሹ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል አየኋት። ምን እንደምትፈልግ ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀስ ብለህ፣ ለኔ ብቻ እንዲሰማ አድርገህ፣ «ኩኩ» ብለህ ጠራኸኝ። «ኩኩዬ፣ ፎጣዋን።»

ተቆጣጣሪው ወደኔ ዘንበል አለና «ምን አሉ?» አለኝ።

«ግራ ገብቷቸው ነው» አልኩት። «አንዳንዴ ይቀባዥራሉ።»

እሱም ይህንን ጻፈው። እኔ ደግሞ ወደ አንተ ዞሬ «አባት፣ ትንሽ ይታገሡን» አልኩህ፤ መንገድ ላይ ለማላውቀው ሽማግሌ እንደምለው። ከዚያ በኋላ እጅህ መፈለጓን ተወች። ይህንን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይነድዳል። ጎበዟ በሰዓቷ ጨረሰች። ዕውቀት ብቁ፣ ክህሎት ብቁ፤ ሦስተኛውንም እስክሪብቶዬን እየከደንኩ ሞላሁላት።

ቀጥሎ ረዳቱ ገባ፤ እሱም ሙሉ ገላ ደረሰው። የምታጥብህ ሰው ተለውጣ ሌላ መጣ ብለህ ዓይንህን እንኳ አልገለጥክም ነበር። እሱ ግን አልጋው ጋ ደርሶ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ፊትህን አየና ድምፁን እንደ ልማዱ ለቀቀው።

«እንዴ! ፊሽካው!»

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የመንገድ ስምህን ስትሰማ ዓይንህ ተገለጠ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ! በሯ በገመድ የታሰረችው ሰማያዊ ሚኒባስ!»

«ትርፍ ጭነህ፣ እኔን ስታይ ተሳፋሪውን ቁጢጥ የምታሰኘው?»

«እኔው ነኝ ጋሼ! አንድ ቀን እኮ መሐል አስፋልት ላይ አስወርደው ቆጠሩን።»

ከዚያ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። አግዳሚውን አየ፣ መስታወቱን አየ፣ እኛን አየን። መሬት የወደቀውን አንሶላ አንሥቶ አለበሰህና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ እርስዎ ነዎት ትርፍ የጫኑት። ላውርዳቸው?»

«አውርድ» አልክ።

«ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸና የመጋረጃውን እስር ፈትቶ አንዴ ሳበው። ሰልጣኞቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ደሜ ፈላ።

ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ የውሃውን ድምፅ ሰማሁ። «ጋሼ፣ ክንድዎን ልያዝ?» ይላል፤ «ያዝ» ትላለህ። «በዚህ በኩል ላዙርዎት ወይስ ትንሽ ይረፉ?» ይላል፤ «ልረፍ» ትላለህ፤ ይጠብቃል። «ይቺን ፎጣ ማን ይያዛት?» አለህ። «እኔ» አልክ። ስለ ፎጣዋ ማንም አልነገረውም፤ ጠየቀህ፣ አለቀ። ቆይቶ የሁለታችሁ ሳቅ መጣ። ያን ሳቅህን አውቀዋለሁ፤ ቤት ውስጥ፣ በሩ ሲዘጋ የምትስቀው ነው።

ተቆጣጣሪው «ይሄ ምንድን ነው? ምንም አይታይም እኮ» አለኝ። ተነሥቼ «መጋረጃውን ክፈት!» አልኩት፣ ረዳቱን።

«ቲቸር፣ ጋሼ ይከፈት ካሉ እከፍታለሁ። ጋሼ፣ ይከፈት?»

«አይከፈት» አልክ።

ተቀመጥኩና ጻፍኩ። ዕውቀት፦ አልታየም። ክህሎት፦ አልታየም። አመለካከት፦ የመዛኝን ትእዛዝ አይቀበልም። ገና ብቁ አይደለም።

መጋረጃው ሲከፈት ጸጉርህ ተበጥሯል፣ ነጩ ሸሚዝህ እስከ አንገትህ ተቆልፏል፣ ወንበርህ ላይ ቀጥ ብለህ ተቀምጠሃል። ውጤት እዚያው ለሰልጣኙ ይነበባል። አንተ እየሰማህ አነበብኩለት። ያ የማያፍር የሚመስለኝ ሰው ጆሮው ድረስ ቀላ። «ይሁን ቲቸር» አለና ወንበርህን እየገፋ እስከ በሩ ሸኘህ። አንተ ደግሞ ዞረህ አየኸኝ። ቁጣ ብታሳየኝ በወደድኩ። ያየኸኝ አዲስ ሰው ለመለየት እንደሚሞክር ሰው ነው።

ከዚህ የባሰ ልንገርህ? ያን ዕለት ተቆጣጣሪው ጨብጦኝ «ጥብቅ መዛኝ ነሽ» ሲለኝ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በታክሲ ስንመለስ «እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኩህ፤ «ጎበዝ አስተማሪ ነሽ» አልክና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመርክ። በማግስቱ ጠዋት ወንድሜን ጠርተህ «አየር ልለውጥ» ብለህ ሄድክ። እሱ በሩ ላይ «ምን አድርገሽው ነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

አሁን የማታውቀውን ልጻፍልህ።

ረዳቱ ቅሬታ አቀረበ። ባለፈው ሳምንት የስልጠና ኃላፊዋ፣ ተቆጣጣሪውና እኔ ተቀመጥን፤ ረዳቱም ነበር። ኃላፊዋ «መጋረጃው ውስጥ የሆነውን የሚያውቁት ተገልጋዩ ናቸው፤ ለምን እሳቸውን አንጠይቅም?» አለችና ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍታ ወደ አንተ ደወለች። ያን ቀን ስታናግራቸው እኔ ጠረጴዛው ጋ ነበርኩ አባዬ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም» አልክ። «እየጠየቀ ነው የሠራው። ንጹሕ አድርጎ ነው ያጠበኝ።»

«መዛኟስ?» አለች ኃላፊዋ። «ከሴትየዋ ጋር ትተዋወቃላችሁ?»

«አላውቃቸውም» አልክ። «ሥራቸውን ነው የሠሩት።»

እዚያ ጠረጴዛ ጋ ቁጭ ብዬ አባቴ አላውቃትም ሲለኝ ሰማሁ። ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ ታክሲ ውስጥ። አንተ ግን ከቤቴ ከወጣህ በኋላም ቃልህን ጠበቅክልኝ።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ዝም እል ነበር ይሆናል። ራሴን ስለማውቀው ነው እንዲህ የምልህ። ግን ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ገልጦ «ይቅርታ አባት፣ በዕለቱ ይቀባዥሩ እንደነበር ተጽፏል። የሚሉትን በደንብ ያስታውሳሉ?» አለህ።

«ማን ነው ያለው?» አልክ።

«መዛኟ።»

መስመሩ ላይ የወንድሜ ቤት ሰዓት ሲመታ ይሰማል። ስልኩ የተቋረጠ መስሎን ኃላፊዋ «ሃሎ?» አለች።

«እንግዲያው ልክ ይሆናል» አልክ። «እሳቸው ባለሙያ ናቸው። የሽማግሌ ነገር፣ እኔ አላስታውስም።»

ረዳቱ ራሱን በእጁ ያዘ። ያለው ምስክር አንተ ብቻ ነበርክ፤ አንተ ደግሞ እኔን ለማዳን ብለህ ራስህን አበድኩ አልክ። ስልኩ ተዘጋ። ተቆጣጣሪው «እንግዲህ ግልጽ ነው» ብሎ ፋይሉን መሰብሰብ ሲጀምር አፌ ከኔ ቀድሞ ተናገረ።

«አባቴ ናቸው» አልኩ። «አይቀባዥሩም። የጠሩት እኔን ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ታክሲውን፣ እጅና እግር ብቻ ማለቴን፣ ፎጣዋን። የተናገርኩት በጀግንነት እንዳይመስልህ፤ ጠረጴዛውን እያየሁ ነው። አንተ ደግሞ ስልኩን ዘግተህ ስለነበር አንዱንም አልሰማህም። መስማት የነበረብህ አንተ ነበርክ።

ከመዛኝነት ታግጃለሁ። የዚያን ቀን ምዘና በሙሉ ተሰርዞ በሌላ መዛኝ ይደገማል። ጎበዟ ሥራ የምትጀምርበት ቀን ስለተላለፈባት አኩርፋኛለች፤ ኮሪደር ላይ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። እውነት አላት። ኃላፊዋ ደግሞ ከሚቀጥለው ዙር ጋር ተቀምጬ ስልጠናውን ከመጀመሪያ እንድወስድ ወስናለች፤ የራሴ የቀድሞ ሰልጣኝ ነው የሚያስተምረኝ። ይገባኛል። ከዚህ ሁሉ ግን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው።

ከስብሰባው ስንወጣ ረዳቱን ተከትዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። የምናደድበት ድምፁ ያን ቀን ዝቅ ብሎ ነበር። «ቲቸር፣ እኔስ ሌላ ቀን እፈተናለሁ» አለኝ። «ፊሽካውን ግን አሁን ማን ያጥባቸዋል?»

ወዲያው ወንድሜ ጋ ደወልኩና ስለ አየር ጠባይ እንዳያወራልኝ አጥብቄ ያዝኩት። እያቅማማ ነገረኝ። ከቤቴ ከወጣህ ወዲህ ገላህን አላስነካህም። እሱን «ነገ» ትለዋለህ፤ ሚስቱ ውሃ ስታሞቅ የተኛህ ትመስላለህ። ፊትህን በግራ እጅህ ታብሳለህ፣ ሸሚዝህን ማንም እንዲያወልቀው አትፈቅድም። «ወገቡ ላይ ቀላ ያለ ነገር አይቻለሁ» አለኝ። ያ ቀላ ያለ ነገር የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነው አባዬ። ቆዳው ከተከፈተ ወደ ሥጋ ይዘልቃል፤ ከዚያ ለመዳን ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱም አይድንም። ይህንን በየዙሩ በሥዕል አስተምራለሁ። ማንንም አምነህ ገላህን እንዳታስነካ ያደረግኩህ እኔ ነኝ፤ ተዘግቶ የነበረውን በር አሥራ ምናምን ሰው ፊት የከፈትኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸውና። ወደኔ ተመለስ አልልህም። ይቅር በለኝም ገና አልልህም፤ ይቅርታ ቢቆይ ይጠብቃል፣ ቁስል ግን አይጠብቅም። ረዳቱ ቅዳሜ ከሰዓት ወንድሜ ቤት ይመጣል። ምዘና አይደለም፣ ወረቀት የለም፣ የሚያየው ሰው የለም። የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ እሱም «ጋሼ እሺ ካሉ ብቻ» ብሎኛል። አይሆንም ካልከው ቁጭ ብሎ ስለ መንገድ አውርቶህ ይሄዳል። እሺ ካልከው በሩን ዝጉት፣ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጉት። ፎጣዋን በወንድሜ እጅ ልኬልሃለሁ፤ የራስህ ናት። አባዬ፣ እባክህ ወገብህን ይየው። እንዴት እንደሚይዘው ነግሬዋለሁ፤ ደግሞ ይጠይቅሃል።

እኔ ግቢው ውስጥ እሆናለሁ። በሩ ጋ አልቀርብም፤ በመስኮትም አላይም። ባትጠራኝ አልቀየምም፤ እሱ ጨርሶ ሲወጣ ደህና መሆንህን ጠይቄ እሄዳለሁ፣ በሌላኛውም ቅዳሜ እመጣለሁ። ከጠራኸኝ ግን፣ ረዳቱም ይስማ፣ ጎረቤትም ይስማ፣ መንገደኛውም ቆሞ ይስማ፣ አቤት አባዬ ብዬ እገባለሁ።

ልጅህ